«መርየም ነኝ» ያልኩ ዕለት

ስሜን የሚጠራልኝ ሰው ያጣሁት ቢቸና ላይ ነው።

የቢቸና ሰው ክፉ ሆኖብኝ እንዳይመስላችሁ። ችግሩ ስሜ መርየም መሆኑ ነበር። እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ የእስላም ልጅ ነኝ፤ እኛ ሰፈር መርየም ከየቤቱ የማይጠፋ ስም ነው። ቢቸና ግን ማርያም አንዲት ናት። ወለተ ማርያም፣ ኃይለ ማርያም፣ ገብረ ማርያም የሚባል ሞልቷል፤ ልጇ፣ ኃይሏ፣ አገልጋይዋ መሆን ይቻላል። «ማርያም ነኝ» እያለ በገበያ መሐል የሚሄድ ሰው ግን የለም። አከራዬ ስሜን የነገርኳቸው ቀን አማተቡ።

«እኔ ምን አፍ አለኝና ነው እመቤታችንን ‹በሩን ዝጊ፣ ብርድ ገባ› ብዬ የምቆጣት?» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእሳቸው «ወይዘሪት» ሆንኩ። ለተማሪዎቼ «ቲቸር» ነኝ፣ ለመምህራኑ «ወሎዬዋ»። ዓመቱ አንድ ሰው እንኳ በስሜ ሳይጠራኝ አለቀ። ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? እስቲ ሞክሩት። ሰው ስሙን ካልሰማ ቀስ በቀስ በገዛ ቤቱ እንግዳ የሆነ ይመስለዋል።

ደግሞ በተፈጥሮዬ ቁንጥንጥ ነኝ። ስቀመጥ እግሬ ይወዛወዛል፤ ስቆም ጣቴ የነጠላዬን ጥለት ይፈትላል። እናቴ «እሳት የረገጥሽ ይመስል ምን ያቁነጠንጥሻል?» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ሥዕልና የእጅ ሥራ ነበር የማስተምረው፤ ገና ጀማሪ ሳለሁ ነው ለሁለተኛ ጊዜ ዝውውር የጠየቅሁት። ሞጣ ደረሰኝ። ስንሰነባበት እንግሊዝኛ የሚያስተምረው ባልደረባዬ መፍትሔ አገኘልኝ።

«ሞጣ ስትደርሺ ‹ሜሪ ነኝ› በያቸው። ያው እኮ ነው፤ ማንም ግን አይደነግጥም።»

ወደድኩት። ሜሪ። አጭር ነው፣ ዘመናዊ ነው፣ ከማንም ጋር አያጣላም። መርየምን ቢቸና ትቻት ልሄድ ቆረጥኩ።

ዘመኑ ንጉሠ ነገሥቱ ገና ዙፋናቸው ላይ የነበሩበት፣ ተማሪው ግን ማጉረምረም የጀመረበት ነው። ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ። ፍልሰታ የማርያም ጾም ስለሆነ አገሩ ከነሕፃኑ ስሟን ሲጠራ ውሎ ሲጠራ ያድራል። በዚያ ወር፣ በዚያ መንገድ፣ በዚያ ጭቃ መኪና የሚነዳ ሰው ወይ ደፋር ነው ወይ ዕብድ። ሾፌሬ ዘነበ ሁለቱም ነበር። ጨውና ስኳር የጫነ መኪናው ጋቢና ውስጥ አስቀምጦኝ ወጣን። እኔም መንገዱን ሁሉ በከንፈሬ እለማመዳለሁ። «ሜሪ እባላለሁ። ሜሪ።»

«ምን ትያለሽ?» ይለኛል ዘነበ።

«ምንም።»

«ጸሎት ከሆነ ጮክ በይ፤ ለመኪናውም ይድረሰው።»

ደብረ ወርቅ ላይ አቁሞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሮ ተሳለመ። ወንጌላዊው በእጁ ሳላት የሚሏት የማርያም ሥዕል እዚያ እንዳለች ነገረኝ። «አንቺ የሥዕል አስተማሪ አይደለሽ? ግን እንደዋዛ አትታይም» አለኝ። ነገሩ ከነከነኝ። ጎጃም ገብቼ ስከርም፣ ሥዕል አስተምሬ እየበላሁ፣ የዚህን አገር ሰው ሁሉ የምታስለቅሰውን ሥዕል አንድ ቀን በቅርብ አይቼ አላውቅም ነበር። እስላም ነኝ፣ ቤተ ክርስቲያን አልገባ።

ደብረ ወርቅን አልፈን ብዙም ሳንርቅ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ዘነበ ወርዶ ጎማውን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሲጋራ ለኮሰ።

«በሬ የሚጠምድ ሰው እስኪመጣ አረፍ በይ» አለኝ።

እኔና አረፍ ማለት! ዝናቡ ማካፋት ጀምሯል። ከመንገዱ በላይ ዳገቱ ላይ ትልቅ ዋርካ፣ ከዋርካው ጀርባ ደግሞ ቤቶች ይታያሉ። «እኔ ሄጄ ሰው እጠራለሁ» ብዬ ነጠላዬን ከራሴ ላይ ተከናንቤ ወጣሁ። በየእርምጃው ጭቃው ጫማዬን ይስብብኛል፤ እኔም ጭቃውንም ዘነበንም ትምህርት ሚኒስቴርንም እሳደባለሁ።

ዋርካው ሥር ወንዶች ቆመዋል። «ምን ልታዘዝ፣ ከየት ነሽ?» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ማንም ዞሮ አላየኝም። ሁሉም የሚያዩት ወደ አንድ ቤት ነው። የዋርካው ግንድ በቅቤ ተቀብቶ ያብረቀርቃል፤ የአገሩ አድባር እሷ መሆኗ ነው። አንድ ወጣት መታጠቂያውን ፈትቶ በእጁ ይዞታል። ልብ ብዬ ሳይ ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው፤ የጫማ ማሰሪያቸውን ሳይቀር ፈትተዋል።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አልኩት ወጣቱን።

«ሚስቴ ምጥ ላይ ናት። ከትናንት ጀምሮ ነው። የታሰረ ነገር ሁሉ ይፈታ ተባልን» አለኝ። ስሙ ታከለ ነበር። ዓይኑ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል። ድንገት ወደ መንገዱ ሲያይ የዘነበ መኪና ታየው። «መኪና ነው? ሞጣ ነው የሚሄደው? ሐኪም ቤት ያደርሳታል?»

«ያደርሳታል፤ ግን ተቀርቅሯል።»

ቃሌን አልጨረስኩም። ወንዶቹን «በሬዎቹን!» ብሎ ጮኸባቸውና ሁሉም ተበተኑ። እሱም ዳገቱን እየሮጠ ሲወርድ ዞሮ፣ «ለሴቶቹ ንገሪልኝ! መኪናው ከወጣ በቃሬዛ እንወስዳታለን በያቸው!» አለኝ።

እንግዲህ መልእክተኛ ሆንኩ። ወደ ቤቱ ሮጥኩ። ዝናቡ ለቀቀው። ከውስጥ የሴቶች ድምፅ ይሰማኛል፤ ሁሉም በአንድ ላይ፣ እያለቀሱም እየለመኑም፣ «ማርያም! ማርያም! ማርያም ድረሽላት!» ይላሉ። በሩን በቡጢ ደበደብኩት።

«ማነው?» አለች አንዲት ሴት ከውስጥ።

«መርየም ነኝ!»

ከቢቸና ጀምሮ የተለማመድኩት ሜሪ የት እንደገባ እንጃ። ሰው ሲርበተበት ከአፉ የሚወጣው እናቱ ያወጣችለት ስም ነው መሰለኝ።

ቤቱ እርጭ አለ። ጩኸቱ፣ ልቅሶው፣ ልመናው በአንድ ጊዜ ቆመ። ከዚያ በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ።

አስቡት። ከጨለማው ቤት ሆነው ሲያዩኝ ከኋላዬ የቀኑ ብርሃን አለ። ነጭ ነጠላ ከራሴ እስከ ትከሻዬ ተከናንቤያለሁ። ስሟን ጠርተው ገና አፋቸውን ሳይዘጉ በር አንኳኩቼ «እኔ ነኝ» ብያለሁ። ሴቶቹ ተንበረከኩ። አንዷ በግንባሯ ተደፋች፤ በሩን የከፈተችው የበሩን መቃን ይዛ በጉልበቷ ወረደች። እኔም ክው ብዬ ቀረሁ። 

ያልተንበረከኩት አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው። ከምጠኛዋ እግር ሥር ተቀምጠው ነበር፤ አዋላጇ እማማ ጥሩነሽ ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«እግሯን እዩት፤ ጭቃ ነው» አሉ። «ሰው ናት። ተነሡ! አንቺም ግቢና በሩን ዝጊው፣ ብርድ አስገባሽባት።»

ሰው ‹ብርድ አስገባሽ› ብሎ ሲቆጣኝ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ገባሁ። መኪናውን፣ በሬዎቹን፣ ቃሬዛውን እየተንተባተብኩ ተናገርኩ። እማማ ጥሩነሽ ሰሙኝ። ምጠኛዋ ግን ከዚያ ሁሉ አንዱንም አልሰማችም። የሺ ትባላለች፤ በእኔ ዕድሜ ያለች ልጅ ናት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር፤ ቀስ ብላ ዞረችና እጇን ዘረጋች።

«መጣሽ?» አለችኝ።

«እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ወደ ሞጣ…»

«መጣሽ» አለች ደግማ፣ ሳትጠይቅ። እጄን ያዘችኝ። አያያዟ የሚሰጥም ሰው አያያዝ ነበር። አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ሥዕሏን አየኋት። ከራስጌው በኩል ግድግዳው ላይ፣ መጋረጃዋ ተገልጦ፣ ማርያም ልጇን ታቅፋ ታየናለች። የአካባቢው ሰዓሊ የሳላት ትንሽ የእንጨት ሥዕል ናት። ዓይኖቿ ትልልቅ፣ ጉንጮቿ የጎጃም ሴት ጉንጭ፣ ከንፈሯ የተቆጣች የምትመስል። ልስልስ ያለች ሴት ጠብቄ ነበር፤ ይህቺ ግን ቤት ያስተዳደረች፣ ሞትና ርሃብ ያየች ሴት ናት። በግራ እጇ መሐረብ ይዛለች።

«መሐረቡ ለምንድን ነው?» አልኩ ሳላስበው። በዚያ ሰዓት ሥዕል የሚመረምር ሰው! ስጨነቅ አፌ ዝም አይልም።

«ላባችንን ልትጠርግበት» አሉ እማማ ጥሩነሽ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ ነገሩኝ። «ልጁ መንገዱን ይዟል። እሷ ናት እምቢ ያለችው። ከጠዋት ጀምሮ ፊቷን ከሥዕሏ አዙራ አትገፋም። ካልገፋች ሁለቱንም ነው የምናጣቸው፤ ሞጣ ቀርቶ ከዳገቱ በታች አትደርስም።»

«ለምንድን ነው እምቢ ያለችው?»

«እሱን ብትነግረን ኖሮ።»

እጄን ልስብ ሞከርኩ። አልለቀቀችኝም። እግሬ ሩጪ ሩጪ ይለኛል፤ ሰው ሲሞት አይቼ አላውቅም፣ ማየትም አልፈልግም ነበር። ከውጭ የወንዶቹ ጩኸት ይሰማል፤ «አይዞህ! ሳበው!» ይላሉ። መኪናው እንዲወጣ እንደዚያ የተመኘሁበት ቀን የለም።

በዚህ መሐል የነፍስ አባታቸው አባ ተገኝ ጠበል ይዘው ገቡ። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ቄስ ናቸው። ለየሺ ጠበሉን ረጩላት፣ መስቀሉን ግንባሯ ላይ አደረጉ። ከዚያ እየጸለዩ፣ ያሉትን ሁሉ በጸሎታቸው ለማሰብ የክርስትና ስማችንን ይጠይቁ ጀመር።

«ወለተ ሥላሴ» አሉ እማማ ጥሩነሽ።

«ወለተ ጊዮርጊስ» አለች የየሺ እናት እትዬ ደብሬ።

ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ? የክርስትና ስምሽ?»

 ውሸት ብናገር በጸሎት መሐል ነው። እውነቱን ብናገር ደግሞ እጄን የያዘችው ልጅ ትሰማለች።

«መርየም ነው ስሜ፣ አባ» አልኩ። «እስላም ነኝ። መንገደኛ ነኝ።»

እትዬ ደብሬ ደረቷን ይዛ ተነሣች። ቀኑን ሙሉ ያለቀሰች ሴት ናት፤ አሁን ፍርሃቷ ሁሉ እኔ ላይ መጣ። «አባ፣ ልጄ እንዲህ ሆና! በፍልሰታ! ማርያምን በምንለምንበት ቤት! ትውጣ። የእኔ ልጅ፣ አትቀየሚኝ፣ ውጪልኝ።»

አልተቀየምኳትም። እንዲያውም ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረኝ፤ በሩ የተከፈተልኝ መሰለኝ። ብድግ አልኩ። የሺ ግን በሁለት እጇ ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ቆዳዬ ውስጥ ገባ።

አባ ተገኝ አንዴ እጃችንን፣ አንዴ ሥዕሏን አዩ።

«ደብሬ» አሉ፣ «በዚህ ሰዓት ከዚህ ቤት መውጣት ያለበት አንድ ሰው ነው። እሱም እኔ ነኝ።» መስቀላቸውን ሰብስበው ወደ በሩ ሄዱ። በሩ ላይ ደርሰው ወደ እኔ ዞሩ። «ካልለቀቀችሽ አትልቀቂያት።»

ወጡ። እኔም ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

የሺ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ጎንበስ አልኩላት።

«እስላም ነሽ አሉ?»

«አዎ።»

«ስምሽ ግን እሷው ናት?»

«እሷው ናት።»

ትንፋሿን ሰበሰበች። «እንግዲያ አንድ ነገር ንገሪኝ። አምጣ ታውቃለች? እነሱ ያለ ምጥ ነው የወለደችው ይሉኛል። ያላመጠች ሴት የእኔን ምን ብላ ታውቀዋለች?»

«የሺ! አፍሽን!» አለች እናቷ።

«ዝም በያት» አሉ እማማ ጥሩነሽ። «ከጠዋት ጀምሮ አሁን ገና ነው ያወራችው።»

ሁሉም ያዩኛል። ሥዕሏም ታየኛለች። እኔ ሼህ አይደለሁ፣ የሃይማኖት ትምህርት አልተማርኩ። የማውቀው እናቴ ስሜን ያወጣችልኝ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት የነገረችኝን ታሪክ ብቻ ነው። ይህ ታሪክ ደግሞ በዚህ ቤት የሚነገር አይደለም። ግን እጇ እየቀዘቀዘ ነበር።

«እናቴ በነገረችኝ ታሪክ» አልኩ፣ «መርየም ብቻዋን ነበረች። ሰው እንዳያማት ከዘመዶቿ ርቃ ሄደች። ምጡም እዚያ ያዛት። የሚደግፋት ሰው አልነበረም፤ የተምር ዛፍ ግንድ ያዘች። አመማት፣ የሺ። ከሕመሙ የተነሣ ‹ምነው ከዚህ በፊት በሞትኩ፣ ተረስቼም በቀረሁ› አለች።»

የየሺ ዓይን ተከፈተ።

«እሷ ናት ‹በሞትኩ› ያለችው?»

«እሷ ናት።»

«ራሷ?»

«ራሷ።»

ማልቀስ ጀመረች። ድምፅ አልነበረውም፤ እንባው ብቻ ይወርዳል። «እኔም ብያለሁ» አለች። «ሌሊት ብያለሁ። ከፊቷ ‹ግደይኝ› አልኳት። ስለ ሰደብኳት የተቀየመችኝ፣ ልጄን የምትወስድብኝ መስሎኝ… እንዴት ብዬ ዓይኗን አየዋለሁ?»

ለካ ይህ ነበር። ልጅቷ ጉልበት አላጣችም፣ አፍራ ነው። እትዬ ደብሬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ያን ጊዜ እኔም አለቀስኩ፤ ስለ የሺ ይሁን ስለ ራሴ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ከዚያስ?» አለችኝ የሺ። «ተቀየሟት?»

«ማንም አልተቀየማትም። ከበታቿ ድምፅ መጣ። ‹አትዘኝ። ከእግርሽ ሥር ውሃ አለልሽ። ግንዱን ወዝውዢው፣ ተምር ይረግፍልሻል፤ ብዪ፣ ጠጪ› አላት።»

«ተምር ምንድን ነው?»

«ጣፋጭ ነገር ነው!» አሉ እማማ ጥሩነሽ፣ ትዕግሥታቸው አልቆ። «ማር አምጡላት! ውሃም አምጡላት! ምን ትመለከታላችሁ?»

ማሩን ላሰች። ውሃውን ጠጣች። ፊቷን አዙራ ሥዕሏን አየቻት፤ ረጅም ሰዓት አየቻት። ከዚያ «አንሡኝ» አለች።

አነሣናት። ወደ ቤቱ ምሰሶ ሄዳ በሁለት እጇ አቀፈችው። እኔ ከኋላዋ ወገቧን ደገፍኩ፤ እማማ ጥሩነሽ ከሥሯ ተንበረከኩ። ምጡ ሲመጣ ምሰሶውን ስትጨምቀው ከጣራው አቧራ ረገፈብን።

ልክ በዚያን ጊዜ ከታች የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። አንዴ፣ ደግሞም አንዴ። ታከለ በሩን በርግዶ ሊገባ ደረሰ። «ወጥቷል! መኪናው ወጥቷል! ቃሬዛውን አምጡት!»

ለአፍታ ሁላችንም ተያየን። ሐኪም ቤት ነው። መርፌ አለ፣ መድኃኒት አለ። እኔ ራሴ ያመጣሁት ተስፋ ነው፤ እንውሰዳት ልል አፌን ከፈትኩ።

«አሁን የሚነካትን ሰው እጁን እሰብረዋለሁ!» አሉ እማማ ጥሩነሽ ቀና ሳይሉ። «አንተም ዋርካህ ሥር ተመልሰህ ቁም! የሺ፣ ግፊ!»

ገፋች። ጮኸች። የምትጠራውን ስም ሁሉ ጠራች፤ እኔም ከኋላዋ ሆኜ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እላለሁ፤ እኛ ሰፈር በምጥ ጊዜ ሴቶቹ እንደሚሉትም «ፋጡማ ድረሽ!» ማለት ጀመርኩ። ማን ማንን እንደሚጠራ የሚለይበት ሰዓት አልነበረም። ከዚያ የሺ ድንገት በእጄ ላይ ቀለለችኝ።

ልጁ መጣ። አላለቀሰም።

እማማ ጥሩነሽ ጠረጉት፣ ገለበጡት፣ ጀርባውን አሹት፣ በአፋቸው እፍ አሉበት። ምንም የለም። የሺ «ለምን ዝም አለ?» ትላለች።  እኔ ሥዕሏን ቀና ብዬ አየኋት፤ ያን የተቆጣ ፊቷን። ምን እንዳልኳት አልነግራችሁም። በእኔና በእሷ መሐል ነው።

ከዚያ እንደ ድመት ግልገል ያለ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ደግሞ ጠነከረ። ከዚያማ ቤቱን አናጋው።

እልልታው ተጀመረ። ሴት ናት። ውጭ ያሉት ወንዶች የእልልታውን ቁጥር ሰምተው ሴት መሆኗን አወቁ፤ ታከለ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ በበሩ ስንጥቅ አየሁት።

ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ የሺ እየተጠጉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት። ይህን የማይል ሰው አራስ ቤት አይገባም። ተራው የእኔ ሲሆን ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ አትልም ብለው ይሆናል፣ ወይም ስል ለመስማት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኩ።

«ማርያም ታኑርሽ» አለችኝ የሺ። ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እትዬ ደብሬ መጣችና የረጠበውን ነጠላዬን ከትከሻዬ አንሥታ የራሷን ጋቢ ደረበችልኝ። «በስብሰሽ የለም እንዴ» አለች። 

ስወጣ ዝናቡ አባርቷል፤ ዘነበም ከመንገዱ ላይ ጥሩምባውን እየነፋ ያጣድፈኛል። አባ ተገኝ ዋርካው ሥር ቆመው ነበር። መንገዴን ትቼ ወደ እሳቸው ሄድኩ፤ ነገሩ አላስቆም አላስቀምጥ ብሎኛል።

«አባ፣ ውስጥ አንድ ታሪክ አውርቻለሁ። በእናንተ ዘንድ ስህተት የሆነ ነው። ማርያም አምጣለች ብያለሁ።»

ፂማቸውን ዳበሱ። «እመቤታችን ያለ ምጥ ነው የወለደችው» አሉ። «ይህ አይነቃነቅም።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺ ምን እንዳልሽ ግን እኔ በምን አውቃለሁ?» አሉኝ። «ውጭ ነበርኩ።»

ሞጣ የደረስነው በማግስቱ ነው። መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት ዳይሬክተሩ ከመምህራኑ ጋር ሊያስተዋውቁኝ ቆመው፣ «ማን ልበል?» አሉኝ።

«መርየም።»

«እ… ማለት፣ ወለተ…?»

«መርየም ብቻ።»

መምህራኑ ተያዩ። አንዱ ሳል ያዘው። እኔ ግን ቆሜ ነበር፤ እግሬም አልተወዛወዘም። ያን ቀን ማለቴ ነው፤ በኋላማ ተመልሶ መጥቷል።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች ተአምር ልንገራችሁ ብዬ የተነሣሁ እንዳይመስላችሁ። በር አንኳኳሁ፣ ስሜን ተናገርኩ፣ ታሪክ አወራሁ፤ ይኸው ነው። ግን ከዚያ ወዲህ ሥዕል ሳስተምር አንድ ነገር አላርፍ ይለኛል። ግብፆች በጥንት ዘመን ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ የምታጠባ አምላክ ነበረቻቸው። ሌሎችም ከሸክላ ሰፊ ዳሌ ያላት እናት እየሠሩ ይሳለሟት ነበር። እኛም ዋርካውን ቅቤ ቀብተን «አድባሯ» እንላለን፣ በሴት አንቀጽ። ርስቱን የሚወርሰው ወንድ፣ ዳኛው ወንድ፣ ጠመንጃው የወንድ፤ ነገር ሲከብድ ግን የምንጠራው ሴት ነው። ለምን? መጽሐፍ የጻፉ ሰዎች ብዙ ምክንያት ይሰጣሉ። እኔ ግን የመጀመሪያውን ሥዕል የሳለው እንደ ታከለ ያለ ሰው ይመስለኛል፤ ምጥ ካለበት ቤት ደጃፍ ቆሞ፣ መታጠቂያውን ፈትቶ፣ በእጁ የሚያደርገውን ያጣ ሰው።

ያላወቅሁትም ብዙ ነው። የሺ የሰማችው የእኔን መርየም ይሁን የራሷን ማርያም እስከ ዛሬ አልገባኝም። አንዳንድ ቀን አንድ ናቸው እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን አባ ተገኝ ፊቴ ላይ ድቅን ይሉና እተወዋለሁ። በስሜ ምክንያት ግን ዳግመኛ ከየትም አልሸሸሁም። ሞጣ ቀረሁ። ዝውውር መጠየቅ ተውኩ። የጤና ረዳት የነበረ የሐረር ልጅ አገባሁ።

የመጀመሪያ ልጄን ሳምጥ ባሌ ለሥራ ገጠር ወጥቶ ነበር። ጎረቤቶቼ የሞጣ ሴቶች ናቸው፤ ማተብ ያሰሩ፣ ደግ፣ ጩኸታሞች። ምጡ ጠናብኝ። ውዬ ሳልገላገል ቀረሁና «በሞትኩ» አልኩ፤ ሳላፍር፣ ደጋግሜ አልኩት። ሴቶቹ ደነገጡ። አልጋዬን ከበው እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው በአንድ ድምፅ ጮኹ፦

«ማርያም! ማርያም!»

«አቤት!» አልኩ።

የተጠራሁ መስሎኝ እኮ ነው፤ በሕመም የደነዘዘ ሰው ምን ያውቃል። ጩኸቱ ቀጥ አለ። ሴቶቹ ተያዩ። ከዚያ አንዷ መሳቅ ጀመረች፣ ሌላዋም ቀጠለች፤ በመጨረሻ ሁሉም ተያይዘው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም እያማጥኩ ሳቅሁ። ሳቁ ሳያልቅ ልጄ መጣ።